በቅጠሏ የምትወደድ ኦርኪድ

ኦርኪድ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው አበባው ነው። በአዲስ አበባ ሆቴሎች የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ፣ በሠርግ አዳራሽ፣ በአበባ መሸጫ መስኮት የሚታየው፣ ረጅም ዘንግ ላይ ተደርድሮ የሚያብበው ነጭ ወይም ሐምራዊ አበባ። ፋለኖፕሲስ ይባላል። የሚገዛው አብቦ ነው፤ አበባው የረገፈ ቀን ደግሞ ብዙዎች ከነማሰሮው ያወጡታል። ቅጠሉን ልብ ብሎ ያየ ሰው ጥቂት ነው።

ለቅጠላቸው ብቻ ተብለው የሚተከሉ ኦርኪዶች መኖራቸውን የሚያውቀው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ጁወል ኦርኪድ ይሏቸዋል፤ የጌጥ ኦርኪድ እንደማለት ነው። ከሁሉም በብዛት የምትገኘው ሉዲዚያ ዲስከለር ናት። ቅጠሏ የወይን ጠጅ ቀለም ሆኖ ወደ ጥቁር ያደላል፤ ሲያዩት ከፈይ ይመስላል፤ ላዩ ላይ ደግሞ መዳብ በመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች የተጠለፈ ነው። ማኮደስ ፔቶላ የምትባለው በአረንጓዴ ቅጠሏ ላይ የወርቅ መረብ የተዘረጋባት ናት። አኔክቶኪለስ የሚባሉትም እንደዚሁ በጨለመ ቅጠል ላይ የሚያብረቀርቅ ሥር አላቸው። ሁሉም ያብባሉ፤ ግን አበባቸው ትንንሽ ስለሆነ ለአበባ ብሎ የሚገዛቸው የለም።

ከእነዚህ ሁሉ ሉዲዚያ ለጀማሪ የምትሆን ተክል ናት ይባላል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ቤት ውስጥ ስትሞት አብዛኛውን ጊዜ የሚገድላት የተረሳች መሆኗ አይደለም፤ የእንክብካቤ ብዛት ነው። ውሃ በላይ በላዩ፣ ፀሐይ በላይ በላዩ፣ ማዳበሪያ በላይ በላዩ። የሚወዳት ሰው ነው የሚገድላት። ይህ ነገር በሰው ላይም ስለሚደርስ፣ ስለዚህች ተክል ማውራት ስለ ቅጠል ብቻ ማውራት ሆኖ አይቀርም።

መጀመሪያ ግን ተክሏን እንወቃት። አገሯ ደቡብ ቻይና፣ ቬትናም፣ ታይላንድ፣ ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ ነው። የሞቃት አገር ኦርኪዶች አብዛኞቹ ዛፍ ላይ ተጣብቀው ሲኖሩ እሷ የምትኖረው ደኑ ውስጥ መሬት ላይ ነው፤ በረገፈ ቅጠል መካከል፣ እርጥብ ድንጋይ ሥር። ግንዷ ወፍራምና ውሃ ያዘለ ነው። መሬት ለመሬት እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰዳል፤ ጫፉ ብቻ ቀና ብሎ ቅጠል ይይዛል። ጥቅጥቅ ባለ የዝናብ ደን ወለል ላይ የሚደርሰው ብርሃን፣ በዛፎቹ አናት ላይ ከሚያርፈው ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ቢሆን ነው። እሷ የምትኖረው በዚያች ብርሃን ነው።

የቅጠሏ ውበትም ከዚህ ኑሮ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። በአጉሊ መነጽር ቢታይ የቅጠሉ ላይኛ ገጽ ልሙጥ አይደለም፤ እያንዳንዷ ሕዋስ እንደ ጎጆ አናት ጉብ ብላለች። ከፈይ የሚያስመስለው ይህ ጉብታ ነው። የእጅ ባትሪ በጎን ቢበራበት ቅጠሉ ላይ የተበተነ ብልጭታ ይታያል። ከሥሩ ደግሞ ቅጠሉ ቀይ ሐምራዊ ነው። በደን ጥላ ውስጥ ከሚኖሩ ተክሎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

ከዚህ ከአገሯ ታሪክ ብቻ የእንክብካቤዋ መመሪያ ሁሉ ይወጣል። ጥላ ለምዳለችና በቀጥታ የሚመታ የቀትር ፀሐይ አትፈልግም፤ ቅጠሏ ነጥቶ ዝገት የመሰለ መልክ ይይዛል። የጠዋት ፀሐይ በስሱ የሚገባበት የምሥራቅ መስኮት፣ ወይም ከመስኮቱ ራቅ ያለ ጠረጴዛ ይበቃታል። ሙቀቱ ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ይስማማታል፤ ከ15 በታች ሲወርድ መኮማተር ትጀምራለች። የረገፈ ቅጠል ውስጥ ነው የኖረችውና አፈሯ አየር የሚያስገባ መሆን አለበት፤ የዛፍ ቅርፊት፣ ፐርላይት የሚባለው ቀላል ነጭ ጠጠር፣ ትንሽ ከሰል፣ እርጥበት እንዲይዝ ደግሞ ስፋግነም የሚባለው የደረቀ የረግረግ ተክል። የጓሮ ጥቁር አፈር ብቻውን ያፍናታል። ወደ ታች ጠልቃ ሳይሆን ወደ ጎን እየተሳበች ስለምታድግ፣ ጥልቅ ማሰሮ ትቶ ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ መምረጥ ነው። ውሃው ደግሞ በቀን መቁጠሪያ አይሄድም፤ ጣት ወደ አፈሩ ከትቶ ላዩ መድረቅ ሲጀምር ማጠጣት፣ ከሥር ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን መድፋት። እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ።

ይህን ሁሉ ማንም በአንድ ቀን አንብቦ ሊጨርሰው ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ተክሉን ወደ ቤት ያስገባው ሰው ከየት እንደመጣች ሳይጠይቅ «ኦርኪድ» የሚለውን ስም ብቻ ይዞ ሲሄድ ነው።

ከዋሽንግተን ዲሲ በስተሰሜን፣ ሜሪላንድ ውስጥ የምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ የበዛባት ከተማ ናት። እዚያ በአንድ አፓርትመንት ስድስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ እናትና ልጅ አሉ። እናትየዋ ስድሳዎቹን አጋምሰዋል፤ የመጡት ከጅማ አለፍ ብሎ ካለችው ከአጋሮ ነው። የመጡትም ልጃቸው ስትወልድ አራስ ሊጠብቁ ነበር። ለስድስት ወር ተብሎ የተጀመረው ስድስት ዓመት ሆነ። አራስ ቤት የጠበቁት ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ይውላል፤ ልጃቸው ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ ባሏ ቀን ታክሲ ይነዳል። ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ነቅተው ያሉት እናትየዋ ብቻ ናቸው።

በውጭ አገር ባሉ የሐበሻ ቤቶች «ቁጭ በይ» የሚለው ቃል የፍቅር ቃል ነው። እናት ተነስታ ዕቃ ልጠብ ስትል «እማዬ ቁጭ በይ፣ ማሽን ያጥበዋል» ትባላለች። ወጥ ልሥራ ስትል «ቁጭ በይ፣ ደክመሽ ነው የኖርሽው» ትባላለች። ወጣ ልበል ስትል «ቁጭ በይ፣ ይበርድሻል፣ መንገዱ ይጠፋሻል» ትባላለች። እያንዳንዱ «ቁጭ በይ» ከልብ የመነጨ ነው። ሲደመር ግን አንዲት ቡና ለቅማ፣ ችግኝ አፍልታ፣ ልጆች አስተምራ ያደረች ሴት ሶፋ ላይ ተቀምጣ ቴሌቪዥን የምታይ ትሆናለች። ሁሉ ነገር ተሟልቶላታል፤ የምታደርገው ነገር ግን የላትም።

ልጅቷ ለእናቶች ቀን ኦርኪድ ገዛች። ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ከአበባዎቹ መደርደሪያ ጥግ ላይ ያገኘቻት ሉዲዚያ ነበረች፤ የቅጠሏ ቀለም ማረካት። እናትየዋ ስጦታውን ሲቀበሉ አገላብጠው አዩና «አበባው የታለ?» አሉ። ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ «አንቺ አትልፊ፣ እኔ ነኝ የምንከባከባት፤ መመሪያ አለው» አለችና ስጦታውን ከሰጠቻቸው ሰው እጅ መልሳ ወሰደችው።

መመሪያ የተባለው የፋለኖፕሲስ መመሪያ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ኩብ በረዶ ማሰሮው ላይ ማስቀመጥ፤ ብዙ ብርሃን መስጠት። ልጅቷ በየእሑዱ በረዶውን አስቀመጠች፤ ማሰሮውንም ቤቱ ውስጥ ካለው ትልቁ የደቡብ መስኮት ሥር፣ ከሂተሩ በላይ አደረገችው። ለዛፍ ላይ ኦርኪድ የተጻፈ ምክር ለመሬት ኦርኪድ ተሰጠ። በጋው ሲገፋ ቅጠሎቹ ነጡ። ልጅቷ የጠማት መስሏት ተጨማሪ ውሃ ጨመረች። ኅዳር ላይ ሂተሩ ሲበራ ደግሞ የቤቱ አየር ደረቀ። በክረምት ማሞቂያ በሚነድበት ቤት ውስጥ የአየሩ እርጥበት ከመቶ ወደ 30 አንዳንዴም ወደ 20 ይወርዳል፤ ሉዲዚያ ቢያንስ 50 ትፈልጋለች። ከላይ ቅጠሏ ደረቀ፤ ከታች ግንዷ በሰበሰ።

እናትየዋ ይህን ሁሉ ከሶፋው ላይ ሆነው ያዩት ነበር። ዝም ያሉት ተክሉ የልጃቸው ጉዳይ ስለመሰላቸው ነው፤ እዚህ አገር ሁሉም ነገር በመመሪያ የሚሄድ መሆኑንም ለምደዋል። አንድ ቀን ግን ልጅቷ ማሰሮውን ወደ ቆሻሻ መጣያ ይዛ ስትሄድ አላስቻላቸውም።

«አንቺ ልጅ፣ የቡና ችግኝ እንኳ ፀሐይ ላይ ካዋልሽው ቅጠሉ እንዲህ ነው የሚነጣው። ይቺ የጥላ ናት። ያየኋት ቀን ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

ይህ መልስ ልጅቷን ለብዙ ቀን አላስተኛትም። ምክንያቱም እናቷ ስለ ጥላ ተክል ያላቸው እውቀት ከማንም መመሪያ የሚያንስ አልነበረም። በጅማ ዙሪያ ቡና የሚያድገው በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ነው። ችግኙ በልጅነቱ ከላይ ዳስ ተሠርቶለት፣ ብርሃኑ በሣሩ ቀዳዳ እየተንጠባጠበ ነው የሚወርድለት። መሬቱ ላይ የረገፈው ቅጠል አይጠረግም፤ እርጥበት ይይዛል፤ ውሎ አድሮ ይበሰብስና ምግብ ይሆናል። እናትየዋ ሉዲዚያ የሚለውን ስም ሰምተው አያውቁም፤ ቬትናምንም ያዩት በካርታ ላይ አይደለም። የደን ወለል ግን ያውቃሉ።

ማሰሮው ተገለበጠ። ሥሩ ቡናማ ሆኖ ይሸታል፤ ግንዱ ሲጫኑት ይቀልጣል። እናትየዋ የወጥ ቤት ቢላዋውን በምድጃው እሳት አስነክተው፣ ቀዝቀዝ ሲል የበሰበሰውን ግንድ ውስጡ ነጭና ንጹሕ ሆኖ እስኪታይ ድረስ እየቆረጡ ጣሉ። ከተረፈው ሁለት ሦስት አንጓ ያላቸው ሦስት ቁራጮች ወጡ። ቁስሉ እንዲደርቅ አንድ ቀን ወረቀት ላይ አደሩ። ሉዲዚያን ማባዛት ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ከአንጓዎቹ አንዱ እርጥበት ከነካ ሥር ያወጣል።

የእናትየዋ እውቀት ሁሉ እንዳለ አልሠራም፤ ይህም መነገር አለበት። ከሥሩ የቡና አተላ ሊያደርጉ ፈልገው ነበር፤ አጋሮ እያሉ አተላው የሚደፋው ጓሮ ካለው ጌሾ ሥር ነበር። እዚህ ግን ልጅቷ አንብባ አስቆመቻቸው። አተላ በትንሽ ማሰሮ ውስጥ ሲሆን ይጠቀጠቃል፣ ውሃ ይይዛል፣ ይሻግታል፤ አየር ለሚፈልግ ሥር አይሆንም። ከሰል ሲፈልጉም ለዕጣን ማጨሻ የተገዛው ክብ ከሰል ነበር ቤት ውስጥ ያለው፤ እሱ ቶሎ እንዲቀጣጠል ኬሚካል የተቀላቀለበት ስለሆነ ለተክል አይሆንም። ለአትክልት የሚሸጠው ከሰል ተገዛ። አንዱ ከአጋሮ፣ አንዱ ከስልክ ላይ እየተዋጣ ነው ነገሩ የተሠራው።

ለአየሩ ድርቀት መፍትሔ ያመጡትም እናትየዋ ናቸው። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ለሁለት ቆርጠው፣ ቁራጮቹ ላይ እንደ ቆብ ደፉት። ከውስጥ ጠብታ ያዘ። አልፎ አልፎ እያነሱ ያናፍሱታል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቁራጮቹን በስሱ ሲነካኳቸው አንነቀልም አሉ። ሥር ሰደዋል ማለት ነው።

ያ የጠርሙስ ቆብ ትልቅ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1829 ምሥራቅ ለንደን ውስጥ የሚኖር ናትናኤል ባግሾው ዋርድ የሚባል ሐኪም፣ የእሳት ራት ሲፈለፈል ለማየት ብሎ ሙሽሬዋን ከእርጥብ አፈር ጋር ጠርሙስ ውስጥ ዘጋባት። ዋርድ ጓሮው ውስጥ ፈርን ለማብቀል ሲሞክር የፋብሪካው ጭስ እየገደለበት ተቸግሮ ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ ግን ያልተከለው ፈርንና ሣር በቅሎ አገኘው። ከአፈሩ የሚተነው ውሃ በመስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይወርዳል፤ ጭሱም አይገባም። በ1833 በመስታወት የተዘጉ ሁለት ሣጥኖች ተክል ሞልቶ በመርከብ ወደ ሲድኒ ላከ፤ ወራት ከፈጀ ጉዞ በኋላ ተክሎቹ በሕይወት ደረሱ። በ1842 ሥራውን በመጽሐፍ አሳተመ። የሻይ ችግኝ ከቻይና ወደ ሕንድ የተጓዘው በእንዲህ ያለው ሣጥን ነው። ዛሬ ሰዎች ሳሎናቸው ውስጥ ማኮደስንና አኔክቶኪለስን የሚያሳድጉበት የመስታወት ሣጥንም የዚያው ልጅ ነው።

ማኮደስና አኔክቶኪለስ ከሉዲዚያ ይልቅ ስስ ናቸው። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 70 እና ከዚያ በላይ ካልሆነላቸው ቅጠላቸው ከጫፍ ይደርቃል። ውሃ በመርጨት ይህን ማካካስ አይቻልም፤ የተረጨው በደቂቃዎች ውስጥ ይተናል፤ ቅጠሉ ላይ ነጭ ጠባሳ የሚተወውም የቧንቧው ውሃ ነው። ስለዚህ ክዳን ያለው መስታወት ወይም ጥርት ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ያስፈልጋቸዋል። ክፍት ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ሉዲዚያን ይያዝ።

ዋርድ የሠራው ሣጥን ግን ጥፋትም ተከትሎታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓን ኦርኪድ የማከማቸት ዕብደት ይዟት ነበር። ሀብታሞች አዳኝ ቀጥረው ወደ ሞቃት አገሮች ይልኩ ነበር። አዳኞቹ ዛፉን ገንድሰው ኦርኪዱን ይለቅሙ ነበር፤ ከተለቀመውም ብዙው መንገድ ላይ ይሞት ነበር። ከዘር ማብቀል ለረጅም ጊዜ አልተቻለም፤ የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ ለራሱ የሚሆን ስንቅ አልያዘም። በ1899 ፈረንሳዊው ኖኤል በርናር ምሥጢሩን አገኘ፤ ዘሩ የሚበቅለው አፈር ውስጥ ያለ ፈንገስ ሲመግበው ነው። በ1922 ደግሞ አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን ያለ ፈንገስ፣ ስኳር ባለበት ማብቀያ ላይ ዘሩን ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ ወዲህ ኦርኪድን ከደን ለመንቀል ሰበብ የለም።

ሆኖም መንቀሉ አልቆመም። አኔክቶኪለስ በቻይናና በታይዋን በባህል መድኃኒትነቱ ስለሚፈለግ ከየደኑ እየተለቀመ ተመናምኗል። ሳይተስ የሚባለው በመጥፋት ላይ ያሉ እንስሳትና ተክሎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1975 ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን መላው የኦርኪድ ቤተሰብ በዝርዝሩ ውስጥ ተካቷል። ኢትዮጵያም አባል ናት።

ይህን ማንሳት ያስፈለገው ሻንጣ ስላለ ነው። ጤና አዳም በፌስታል ጠቅልሎ አሜሪካ የሚያስገባ ወገን ብዙ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ኦርኪድ አለ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር ሆነው በ2004 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ኦርኪዶች መጽሐፍ ውስጥ ከ160 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። በደቡብ ምዕራብ ደኖች የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቀው የሚበቅሉ አሉ፤ የእናትየዋም ቡና ጥላ ዛፎች ላይ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ግን ኦርኪድ መሆናቸውን አልነገራቸውም ማንም። አሁን ያወቀ ሰው «እስኪ አንድ ሁለት ላኩልኝ» ማለት ያምረዋል። አይደረግም። ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር ማሻገር ሕግ መጣስ ነው፤ ከሕጉም በላይ ከዛፉ የተላቀቀው ኦርኪድ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳይደርስ ይሞታል። አገር የናፈቀው ሰው ሜሪላንድ ጫካ ውስጥ በእግሩ ቢዞር፣ የረገፈ ቅጠል መካከል በነጭ መስመር ያጌጠ ቅጠል ያላት ጉድዬራ የምትባል የጌጥ ኦርኪድ ሊያገኝ ይችላል። እሷንም አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ባለችበት ትቶ መመለስ ነው። ቤት ለማስገባት ሉዲዚያ አለች፤ ከጎረቤት በቁራጭ ትገኛለች።

በቁራጭ መገኘቷ ነው ትልቁ ነገር። ከሦስቱ ቁራጮች አንዷን እናትየዋ አስቀሩ፤ ሁለቱን ከቅዳሴ በኋላ ቡና አብረዋቸው ለሚጠጡ ሴቶች ሰጡ። በዓመቱ ከተሰጡት ሌሎች ተቆርጠው ለሌሎች ተሰጡ። አሁን ስልካቸው ይጮኻል። አንዷ «እማማ፣ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ወጣባት» ትላለች፤ ተባይ ነው፣ በጥጥ አልኮል ነክረሽ ጥረጊው ይሏታል። ሌላዋ «ማዳበሪያ ልስጣት?» ትላለች፤ ዕቃው ላይ ከተጻፈው ሩብ ያህሉን፣ እሱንም በምታድግበት ወራት ብቻ። ሦስተኛዋ ጠዋት ማታ ታጠጣለች፤ «ተያት፣ ሲጠማት ትነግርሻለች» ይሏታል። ሲደውሉላቸው ድምፃቸው ይለወጣል፤ እንደ ድሮው ትእዛዝ የለመደ ሰው ድምፅ ይሆናል። ቀድሞ ስልክ የሚደወለው እንዴት አደሩ ለማለት ብቻ ነበር።

ኦርኪዷ የእናትየዋን ናፍቆት አላጠፋችም። ዛሬም አጋሮ ልሂድ ይላሉ፤ ዛሬም ክረምቱ ይከብዳቸዋል፤ ልጃቸውም ዛሬም ሌሊት ትሠራለች። አንዲት ማሰሮ ይህን አትፈታውም። የተፈታው ትንሽ ነገር ነው፤ ልጅቷ «ቁጭ በይ» ከማለቷ በፊት መጠየቅ ጀመረች። ወጥ ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ የእናትየዋ ሆነ። የልጅ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚቀበሉት እሳቸው ሆኑ፤ መንገዱ አልጠፋቸውም።

ወላጅ ወደ ውጭ ያመጣ ልጅ ሁሉ እዚህ ጋ ቆም ቢል አይጎዳም። መድኃኒቱ ተገዝቷል፣ መድን ገብቷል፣ ክፍሉ ሞቋል። ይህ ሁሉ በረዶው ነው፤ በየሳምንቱ ሦስት ኩብ፣ ሳያጓድሉ። ያልተጠየቀው ጥያቄ ግን አለ፤ ይህ ሰው ከየት ነው የመጣው? እዚያ ቀኑን በምን ነበር የሚያሳልፈው? ከዚያ ውስጥ እዚህ ሊሆን የሚችለው የትኛው ነው? አባት አናጺ ከነበረ የሚጠግነው ወንበር፣ እናት ነጋዴ ከነበረች የምትይዘው የቤት ሂሳብ ሊሆን ይችላል። ሁሉም አይሳካም፤ አተላውም አልሠራም። ከጠየቁ ግን የሚሠራውን ከማይሠራው ለይቶ ማወቅ ይቻላል።

ባለፈው ጥር የእናትየዋ ሉዲዚያ ዘንግ አወጣች። ነጭ፣ መሐላቸው ቢጫ ነጥብ ያለባቸው ትንንሽ አበቦች፤ ጠጋ ብለው ካላዩአቸው ጎንበስ ያሉ የሩዝ ፍሬዎች ይመስላሉ። ለቅጠሉ ውበት ሲሉ ዘንጉን ገና ሲወጣ የሚቆርጡት አሉ፤ ያበበው ግንድ ካበበ በኋላ ስለሚደክም ነው፤ ከጎኑ ግን አዳዲስ ቀንበጦች ይተካሉ። ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ መቀሱን አንስታ ማሰሮው አጠገብ ቆመች፤ ከዚያ እናቷ እስኪነቁ ጠበቀች።

«እማዬ፣ ይቆረጥ ወይስ ይተው?»

እናትየዋ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩ። «ይተው። አበባው የታለ ብዬሽ ነበር እኮ።»